በበረዶ ላይ የተተከለ ጆሮ

እንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለው «ግግር አዳራሽ» ማታ ሲከፈት እንግዳው እጅ ላይ መጀመሪያ የሚቀመጠው የምግብ ዝርዝር አይደለም፤ የማስታወኪያ ከረጢት ነው። ነጭ ነው፣ ጠርዙ በወርቃማ ክር የተጠለፈ። እንግዶቹ ሲወጡ ይዘውት ይሄዳሉ። ባዶውን ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሞልቶ፣ አፉ ታስሮ፣ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተደላድሎ፣ ቤት ድረስ። በማግስቱ ለመሥሪያ ቤት ጓደኛ «ማታ በሬክተር ስድስት ነጥብ ሁለት በላሁ» ብሎ ለማሳየት ነው። ኤጭ! ሰው ትውከቱን የሚያሳይበት ዘመን መጣ።

የእነዚህ ሰዎች አያቶች በአዋሽና በፈንታሌ በኩል ምድር በተናጠች ቁጥር ልጅ አቅፈው፣ ጫማቸውን ረስተው፣ ከኮንዶሚኒየም ደረጃ በሩጫ ይወርዱ ነበር። የልጅ ልጆቹ ከፍለው ይንቀጠቀጣሉ። ያውም ያገራቸው መንቀጥቀጥ አይበቃቸውም፤ ከዓለም ጫፍ፣ ከአንታርክቲካ የሚመጣውን ነው የሚሹት። እዚያ በረዶው እየፈረሰ ነው። አገር የሚያህል ግግር ከተቀመጠበት አለት ሲላቀቅ፣ ሲንሸራተት፣ ተገምሶ ባሕር ውስጥ ሲገባ ምድሪቱን ያናጋታል። ያንን መናጋት በበረዶው ላይ የተተከሉ «ጆሮ» የሚባሉ መሣሪያዎች ይሰሙታል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ወለሉ ሥር ያሉት ማሽኖች በሰው እግር፣ በሰው ወንበር፣ በሰው አንጀት ውስጥ ይለቁታል። ሳህኑ ላይ ያለው ክትፎ ነፍስ እንዳለው ይርገበገባል። እሱን ነው የሚጎርሱት።

ወለሉን የሚያጫውተው ኢዮስያስ የሚባል ሰው ነበር። ከአዳራሹ በላይ፣ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ከበረዶው የሚመጣውን ያዳምጣል፣ ይመርጣል፣ ያፈጥናል፣ ወደ ታች ይለቃል። ማፍጠኑ ግድ ነው። በረዶ ሲናገር እንደ ደከመው ሽማግሌ ነው፤ አንዱን ቃል ብሎ ሌላውን እስኪያመጣ እንግዳው ተነሥቶ ይወጣል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ስምንት እጥፍ ፈጥኖ ነው የሚወርደው። በዚህ ሥራ ኢዮስያስን የሚያህል አልነበረም፤ ከተማው ውስጥ እንደሱ የሰው አንጀት የሚያገላብጥ አልተገኘም።

እንግዶቹን ግን ከልቡ ይጠየፋቸው ነበር። ከላይ ሆኖ ያያቸዋል። ለጉርሻ እጃቸውን ሲሰነዝሩ ወለሉ ያናውጣቸውና ሥጋው የሌላው አፍንጫ ላይ ይለጠፋል። ይስቃሉ። ከረጢቱን አፋቸው ላይ ደቅነው ይጨርሱና፣ አፋቸውን እንኳ በቅጡ ሳይጠርጉ ተመልሰው ይጎርሳሉ። ኢዮስያስ ምራቁን ዋጥ እያደረገ ፊቱን ያዞራል። ቤቱ ሲገባ ሸሚዙን በር ላይ አውልቆ ነው። ሚስቱ ሃሴት አፍንጫዋን ይዛ፣ «ዛሬስ ስንቱ አስታወከብህ?» ትለዋለች። «ተዪኝ እስቲ ሃሴትዬ» ይላል። እንጀራ ነው፤ ምን ይደረግ።

ጆሮዎቹን የሚተክሉት ያገራችን ልጆች ናቸው። ድሮ «አረብ አገር ሄደ» ይባል እንደነበረው አሁን «በረዶ አገር ሄደ» ይባላል። የኢዮስያስ ታናሽ ወንድም ያብስራም ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ሥራው በረዶውን ሰርስሮ ጆሮ መቅበር ነው፤ በረዶው በተሰነጠቀ ቁጥር የተዋጠውን ትቶ ሌላ መትከል። ቦሌ ሲሸኘው ያብስራ የወንድሙን አንገት አንቆ ይዞ፣ «ጋሼ፣ አሁን ጉድ ፈላ!» አለው። «ጆሮውን የምተክለው እኔ፣ የምትሰማው አንተ። እዚያ ፈስ ቢያመልጠኝ እዚህ ሕዝብ ፊት ልታጋልጠኝ ነው!»

«ባለጌ!» አለ ኢዮስያስ ማጅራቱን ጠፍ እያደረገው። ከዚያ ድምፁ ተለወጠበት። «ትንፋሽህን እሰማታለሁ እኮ። ደግ ደጉን አሰማኝ።»

ሁለቱን ለብቻዋ ያሳደገቻቸው እናታቸው ናት፣ ኮተቤ ውስጥ፣ ውኃ በቦቴ በሚታደልበት ዘመን። ቦቴው ጎህ ሳይቀድ ይመጣል። ልጆቹ ጄሪካናቸውን ሞልተው ሲመለሱ የቆርቆሮው በር ተቀርቅሮ ይጠብቃቸዋል፤ ውኃ የሚቀማ ወሮበላ ስለበዛ እናትየው ለማንም አትከፍትም። የልጆቹ እጅ በጄሪካን ተይዟል። ስለዚህ በእግር ነው የሚያንኳኩት። በጫማ አፍንጫ ሁለት፣ ትንፋሽ፣ ሦስት፣ ትንፋሽ፣ ከዚያ ዞር ብሎ በተረከዝ አንድ፣ ከባድ። ቀድሞ የገባ ለኋለኛው ይከፍታል። ያብስራ ትንሽ ስለነበረ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሚከፍትለት ኢዮስያስ ነው። እናትየው ካረፈችም በኋላ፣ ትልልቅ ሰዎች ከሆኑም በኋላ፣ ያብስራ የወንድሙን በር እንደዚያ እየረገጠ ነበር የሚመጣው። «በሬን ልታፈርስ ነው እንዴ፣ አንተ ውሻ!» እያለ ኢዮስያስ ባዶ እግሩን በሩጫ ይወጣል።

ሲቀጠር «ችግር ቢያጋጥም ለማን እንደውል?» ተብሎ ሲጠየቅ ያብስራ የወንድሙን ስም አልሰጠም። ከኛ ልጆች አንዱም የቤተሰቡን ስም አይሰጥ፤ የእድሩን ዳኛ ነው። ፈረንጅ መርዶ አያውቅበትማ! ሰውየው መኪና እየነዳ ይሁን ደረጃ እየወረደ ይሁን ሳይጠይቅ፣ «ወንድምህ ሞቷል፣ አዝናለሁ» ይልና ይዘጋል። በኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ደግፎ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ሆኖ። ስለዚህ ያብስራ ጋሽ ናታኒምን አስመዘገበ። ጋሽ ናታኒም ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የእድሩ ዳኛ፣ እናታቸውን ያስቀበሩ፣ ለሁለቱም እንደ አባት ናቸው። ኢዮስያስም ይህን ሲሰማ «ደግ አደረግህ» ነው ያለው።

ያብስራ ቅዳሜ ቅዳሜ ድምፁን ይልክ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቀረ። እሑድም የለም። ሰኞ ኢዮስያስ የአሠሪው ድርጅት ቢሮ ደወለ። «ስለ ሠራተኛ የምንናገረው ለተመዘገበው ተጠሪ ብቻ ነው» የሚል ቀዝቃዛ ድምፅ መለሰለት። ተነሥቶ ጋሽ ናታኒም ቤት ሄደ።

«ጋሽ ናታኒም፣ ከያብስራ የሰሙት ነገር አለ? ቅዳሜ ድምፁን አልላከም።»

ሽማግሌው የሚላጩበትን ምላጭ አስቀመጡ። ግማሽ ፊታቸው አረፋ ነበረ። «ምን ይሆናል ብለህ ነው? ወደ መርከብ አዛወሩት አሉኝ። መርከብ ላይ መስመር የለም።»

«ደህና ነው ግን?»

«ፈጣሪ ያውቃል፣ ልጄ። አንተ አሁን የልጅህን ክርስትና አስብ። ሃሴት አራስ ናት፤ አታስደንግጣት።» ይህን ብለው ወደ መስታወታቸው ዞሩ።

ደህና ነው አላሉም። ኢዮስያስ አላስተዋለም፤ ሰው መስማት የሚፈልገውን ነው የሚሰማ። መርከብ፣ እሺ፣ መርከብ ሞቃት ነው ብሎ ተጽናንቶ ተመለሰ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያሉት ወደው አይደለም።

አዲሱ ድምፅ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ከሰዓት በኋላ ኢዮስያስ የሰሞኑን ትልቁን መንቀጥቀጥ ሲያጣራ፣ በመጨረሻ ከተተከሉት ጆሮዎች በአንዱ ላይ፣ ከግርግሩ ኋላ የማያውቀው ነገር ሰማ። ትርርር፣ ዱም። ትንሽ ዝም ይልና እንደገና ትርርር፣ ዱም። የሚንከባለል ነገር ተንከባሎ ተንከባሎ ከግድግዳ ጋር የተጋጨ ይመስላል። መላልሶ ሰማው። ደስ አለው። ወለሉ ላይ ለቀቀው።

ማታውኑ አዳራሹ አበደ። ዱሙ በመጣ ቁጥር የወለሉ መሐል ብድግ ይላል፤ ሰዉ ትከሻውን በትርርሩ እየነቀነቀ ይጠብቅና በዱሙ አንገቱን ይሰብራል። አንድ ወፍራም ነጋዴ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ እስክስታ ወረደ፤ ቀጥሎ ያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰሃን ውስጥ አስታወከ፤ ተጨበጨበለት። «የበረዶው እስክስታ» የሚል ስም ወጣለት። በማግስቱ ወረፋው እስከ መንገዱ ወጣ።

የአዳራሹ ባለቤት ወይዘሮ ሶልያና መስታወት ክፍሉ ድረስ መጡ። ቀጭን፣ ደግ ፊት ያላቸው፣ ሽቶአቸው የትውከቱን ሽታ የሚያሸንፍ ሴት ናቸው። «ኢዮስያስ፣ ይኼ በረዶ ነው ወይስ ከበሮ?» አሉት።

«በረዶ ነው፣ ማዳም። ግግሩ አለቱ ላይ ሲንሸራተት አንዳንዴ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ምት ያወጣል።»

«ተባረክ! እጅህ ወርቅ ነው» ብለው ግንባሩን ሳሙት።

እሑድ የልጁ ክርስትና ሆነ። ኢዮስያስ ከአዳራሹ አንድ የወለል ጣውላ ከነማሽኑ ተውሶ ግቢው ውስጥ ዘረጋና የበረዶውን እስክስታ በዚያው ዕለት ከበረዶው ከመጣው አስገባላቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣበት። ሃሴት ሕፃኑን አቅፋ ከበረንዳው ላይ እየሳቀች ታያለች። ጋሽ ናታኒምን ሴቶቹ ጎትተው አስነሧቸው። «እምቢ፣ ጉልበቴን» አሉ፤ አልሆነላቸውም። ጣውላው ላይ ቆመው ትከሻቸውን ሁለት ጊዜ ሰበቁ። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ወረደ። «አቤት ጋሼ፣ ደስታ አስለቀሳቸው!» አለች አንዷ። ሌሎቹ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩና መሬት መሬት አዩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው። ኢዮስያስ ግን እያጨበጨበ ነበር። በዱሙ ላይ ነበር የሚያጨበጭበው፣ እንደ ሁሉም ሰው።

ከክርስትናው በኋላ ድምፁ መድከም ጀመረ። ትርርሩ ይዘገያል፤ ዱሙ ለስለስ ይላል። ኢዮስያስ ከታች እንዳይታወቅበት ጉልበት እየጨመረ ያወርደው ነበር። አንድ ምሽት ራት መሐል ላይ፣ እንግዶቹ ትከሻቸውን አዘጋጅተው ሲጠብቁ፣ ትርርሩ መጣ፤ ዱሙ ቀረ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። እንግዶቹ ጠረጴዛውን ይደበድቡ ጀመር። «ዱም! ዱም! ዱም!» እያሉ ጮኹ። ኢዮስያስ ምን ያድርግ? የክርስትናውን ዕለት ቅጂ አውጥቶ፣ ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ፣ ክብ አድርጎ ለቀቀላቸው። ማንም አላወቀ። እሱም ራሱ ከሁለት ቀን በኋላ ረሳው፤ በረዶው አሁንም የሚመታ እስኪመስለው ድረስ።

ወይዘሮ ሶልያና ሌላ ሐሳብ ይዘው መጡ። ከተማው እንቅልፍ አጥቷል፤ የሕፃናት አልጋም እንደ አዳራሹ ወለል እንዲንቀጠቀጥ ሆኖ ይሠራ ጀምሯል። «ዝግ ያለውን ሥራልኝ» አሉት። «ያላፈጠንከውን። ለማስተኛ።»

በማግስቱ ጠዋት ኢዮስያስ ብቻውን ባዶው አዳራሽ ውስጥ ጫማውን አውልቆ ወለሉ ላይ ቆመ። ወለሉ ታጥቧል፤ ሽታው ግን ከጣውላው አልወጣም። ማሽኑን ወደ በረዶው የራሱ ፍጥነት መለሰውና ጠበቀ።

ሁለት። ትንፋሽ። ሦስት። ትንፋሽ። ከዚያ አንድ፣ ከባድ።

መጀመሪያ ያወቀው እግሩ ነው። ውስጥ እግሩ ላይ ተረከዙ መጣበት፤ የሰው ተረከዝ፣ ዞር ብሎ የሚመታ። ከዚያ እንደገና። ሁለት። ሦስት። አንድ። ኢዮስያስ «እንዴ» አለ። ለማንም አይደለም። «እንዴ፣ እንዴ» አለና ተቀመጠ።

በእግሩ ነው የሚያንኳኳው። እጆቹ ተይዘዋል ማለት ነው። ስንጥቁ ውስጥ፣ በረዶ ለበረዶ መሐል ተቀርቅሮ፣ እጁን ማንቀሳቀስ አቅቶት፣ በረዶ እየላሰ፣ በባትሪ የሚያሞቀው ልብሱ እስኪበርድ ድረስ፣ ራሱ በተከለው ጆሮ ሥር በሩን ሲመታ ነበር። ለድርጅቱ አልነበረም የሚያንኳኳው። ትንፋሽህን እሰማታለሁ ላለው ሰው ነበር። ያ ሰው ደግሞ ሰምቷል፤ ስምንት እጥፍ አፍጥኖ፣ ለሰካራም አስጨፍሮበታል።

እዚያው ተቀምጦ የእያንዳንዱን ዕለት ቅጂ እያወጣ በጆሮ ማዳመጫ በራሱ ፍጥነት ሰማው። መጀመሪያ ላይ ምቱ የቸኮለ ነበር፣ እንደ ተናደደ ሰው። ከዚያ ተስተካከለ። የክርስትናው እሑድ ከሁሉም ቀን ይበልጥ ጠንክሯል፤ ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ያብስራ ከወትሮው በላይ እየረገጠ ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለቱ አለ፣ ሦስቱ አለ፣ ተረከዙ የለም። ወደ ቀጥታው መስመር ዞረ። ጆሮው ደህና ነው፤ ይሰማል። ከሩቅ የሚፈስ ውኃ ብቻ ነው የሚሰማው።

ኢዮስያስ እዚያው በጉልበቱና በእጁ ቆሞ አስታወከ። ከረጢት አልነበረም። ያን ሁሉ ሰው የተጠየፈ ሰው፣ በታጠበው ወለል ላይ፣ አንጀቱ እስኪገለበጥ። ወለሉ ሥሩ ማንኳኳቱን አላቆመም፤ ክብ አድርጎ የለቀቀው እሱ ነው፤ ማቆሚያ የለውም።

ወይዘሮ ሶልያና እንደዚያ ሆኖ አገኙት። ነገራቸው። ቃል አልመረጠም፤ «ሰው ነው፤ በረዶ አይደለም፤ ወንድሜ ነው» አላቸው። ሴትየዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ አጠገቡ ተንበረከኩ፤ አለቀሱ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ይኼንን አልነፍጋቸውም። መሐረባቸውን አውጥተው አፉን ጠረጉለት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው የወለሉን ምት አዳመጡና፣ «በስሙ እንሰይመው» አሉ።

«ምኑን?»

«ማስተኛውን። 'ያብስራ' ብለን። ሕፃናት በሱ ስም ይተኙ። መታሰቢያ ይሆነዋል፣ ኢዮስያስዬ። ሌላ ምን ሐውልት አለው?»

ኢዮስያስ አያቸው። ቢጮኹበት፣ ዝም በል ቢሉት፣ ይሻለው ነበር። ደግነታቸው ጉሮሮው ላይ እንደ ረጋ ጮማ ተጣበቀበት። እግራቸው ሥር እንትፍ ብሎ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ወጣ።

ጋሽ ናታኒም ቤት ሲደርስ በሩ ክፍት ነበር። ሳሎኑ ውስጥ የእድሩ ሽማግሎች ተሰብስበዋል። ሲገባ ሁሉም ብድግ አሉ። ክርስትናው አልፏል፣ ሃሴት አርባዋን ጨርሳለች፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚይዘው፣ ሕፃኑን ማን እንደሚረከብ እየተመካከሩ ነበር። መርዶው ለኢዮስያስ ነው። ባለመርዶው በእግሩ መጣባቸው።

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ናታኒም።

«አልቀመጥም። መቼ ነው የሰሙት?»

ሽማግሌው ወደ ሌሎቹ አዩ። የሚያግዛቸው አልተገኘም። «ያ ቅዳሜ ድምፁ በቀረ ዕለት» አሉ። «አንድ ፈረንጅ ደወለ። ጠፍቷል፣ ስንጥቅ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም አለኝ። ፈረንጅ ጠፍቷል ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ መቼም አላጣውም። ያንተ ሚስት በአራስ ቤት፣ ድግሱ ደርሶ። ይለፍ አልን። ተመካክረን ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምን?»

«ደግሞ አልደወለም?»

ጋሽ ናታኒም አገጫቸውን ዳሰሱ። «ደውሏል። በሦስተኛው ቀን። በረዶው ላይ ቆመን የሚያንኳኳ ድምፅ እንሰማለን አለኝ፤ ከየትኛው ስንጥቅ እንደሆነ አልለየንም፤ ወንድሙ ጆሮዎቹን የሚያዳምጥ ሰው ነው ይባላል፣ አገናኘን አለኝ።»

ኢዮስያስ አንድ እርምጃ ቀረባቸው።

«ምን አሉት?»

«ተወው አልኩት። ሰውየው ደስታ ቤት ነው አልኩት። በረዶ መቼ ማንኳኳቱን ይተዋል? የሞተ ሰው ላይ ተስፋ ሰጥቶ ወንድሙን ሁለት ጊዜ ሊገድለው ነው ብዬ ተቆጣሁት። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው፣ ኢዮስያስ። ለአንተ ብዬ ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይኼኛው ግን ነቅዟል፤ ነቅዞም ተልቷል። ኢዮስያስ ጆሮውን በስሙ ያውቀው ነበር፤ የት እንደተተከለ፣ ስንጥቁ በየት በኩል እንደሚሄድ ያውቀው ነበር፤ አንድ ስልክ ነበር የሚፈጅበት። ያንን ስልክ ያስቀሩት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሽንኩርት ሲልጡለት፣ ድንኳን ሲተክሉለት የሰነበቱ ጎረቤቶቹ ናቸው። ያብስራም ቢሆን ፈረንጁ እንዳይነግረው ብሎ ነው እሳቸውን ያስመዘገበ። «ደግ አደረግህ» ያለው ደግሞ እሱ ራሱ።

ሽማግሌውን ለመምታት እጁን አነሣ። አልመታቸውም፣ አላወረደውምም፤ አየር ላይ ቆየ። «እርስዎ ደበቁኝ» አለ በመጨረሻ። «እኔ አስጨፈርኩበት። እርስዎም ጨፍረዋል፣ ጋሽ ናታኒም። እሱ ነበር።»

ሽማግሌው አልገባቸውም። ሲገባቸው ወንበራቸውን ሳያገኙት መሬት ተቀመጡ።

ሬሳ የሌለው ለቅሶ ሆነ። የያብስራ ፎቶ በጥቁር ጨርቅ ተከቦ ድንኳኑ መሐል ተሰቀለ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ የምቱ ድምፅ በመጣ ቁጥር ኢዮስያስ ጆሮውን ይይዛል። ለቅሶ ደራሹ «እህህ፣ አይዞህ፣ የአንተ ብቻ አይደለም» ይለዋል። ሰው ሁሉ እጁን ሲዘረጋለት እነዚያው ያጨበጨቡ እጆች መሆናቸውን ያውቃል፤ ጨብጦ ጨብጦ መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ሃሴት ይህን ታያለች። እሷም ከበረንዳው ላይ ስቃለች።

ኢዮስያስ ክብ አድርጎ የተወው ቅጂ ማስተኛ ሆኖ በሁለተኛው ቀን ወጣ። ወይዘሮ ሶልያና አልዋሹም፤ በስሙ ነው ያወጡት። በሣልስቱ ጠዋት ከተማው ውስጥ ያልሰማው አልነበረም። የታክሲ ረዳት በር ላይ ያንኳኳዋል፣ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ያንኳኳዋል። ዝግ ብላ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንድ። ጆሮ ላይ የምትቀር ነገር ናት፤ ማንም ሆን ብሎ አያደርጋትም።

ለሣልስቱ ሰው ስለበዛ ተጨማሪ ወንበር ታዝዞ ነበር። ቄሱ ገና አልደረሱም። ድንኳኑ ጸጥ ብሎ ሳለ የግቢው በር ተመታ።

ሁለት። ትንፋሽ። ሦስት። ትንፋሽ። ከዚያ በተረከዝ አንድ፣ ከባድ።

ጋሽ ናታኒም ከተቀመጡበት ቀና አሉ። ኢዮስያስ ግን ተነሥቶ ሮጧል። ባዶ እግሩን ነው፣ የሰው ጉልበት እየረገጠ፣ የውኃ ጆግ እየገለበጠ። «በሬን ልታፈርስ ነው እንዴ፣ አንተ ውሻ!» የሚለው ድምፁ ለቅሶ ቤቱን ሞላው። ደስታ ነበረበት። ሰዎቹ ሊይዙት ተነሡ፤ አልደረሱበትም። መቀርቀሪያውን ገፍትሮ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

አንድ ላብ ያጠመቀው ሰው ቆሟል። በሁለቱም ክንዶቹ እስከ አገጩ ድረስ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሟል።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ እጄ ተይዞ ነው» አለ ሰውየው። «ወንበሮቹን የት ላድርጋቸው?»